የአያ ይመር ዶቅዶቄ

አያ ይመር ማረፋቸውን የነገረኝ የቅሬያችን፣ የዕድራችን፣ ዳኛ ነው። ጋራዤን ልከፍት ቁልፉ ዝጎ አልዞር ብሎኝ፣ እሱን እየተሳደብኩ ሳለ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ ነበር። ያን ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ «ማን?» አልኩ ብቻ።

«አያ ይመር። ሱብሂ ሰግደው ሲጨርሱ፣ እዚያው መስገጃቸው ላይ።»

ከዚያ ፊቴን ሳያይ፣ «ከዝሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ። ለወይራ አምባ መንደር ማን ይንገር? በእግር የሄደ ቀብሩ ካለፈ ነው የሚደርስ። ስልክ የለ፣ ቤንዚን ያለው ሞተር የለ…» አለ።

ቤንዚን ያላት አንዲት ሞተር እንዳለች እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የራሳቸው የአያ ይመር ዶቅዶቄ ናት። እሷ ደግሞ ከእንግዲህ መርዶ አታደርስም ብለው እንደማሉ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ያልሰማ የለም። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

ብዙ ሰው እሳቸውን የሚያስታውሰው በመርዶ ነው፤ ይኼ ደግሞ ያናድደኛል። እኔ የማውቃቸው አያ ይመር ወፍጮ ጠጋኝ ነበሩ። ከከተማው እስከ ዓባይ አፋፍ ድረስ የናፍጣ ወፍጮ ሲያጉረመርም፣ ቀበቶው ሲበጠስ፣ ድንጋዩ አልፈጭ ሲል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እዚህም የራሳቸው ትንሽ ወፍጮ ቤት ነበረቻቸው። ቅንድባቸው ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም፤ ሽበት ይሁን ዱቄት ለመለየት መንካት ያስፈልግ ነበር። ወፍጮ ውስጥ የኖረ ሰው መቼም ጮሆ ነው የሚናገረው። እሳቸው ግን ጆሮህን ወደ አፋቸው ታስጠጋለህ እንጂ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉልህም። ለሁሉም ነገር አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «አብሽር»። ማሽን ሲሰበር አብሽር፣ ዝናብ ሲዘገይ አብሽር፣ እኔ ከሚስቴ ተጣልቼ ፊቴን አጥቁሬ ስመጣም አብሽር።

ዶቅዶቄዋን የገዟት በወጣትነታቸው፣ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዕቃውን ሸጦ ሲለቅ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣች የድሮ ሥሪት ናት፤ ቤንዚኗ ላይ ዘይት ካልተቀላቀለ የማትነሳ፣ ጢሷ ሰማያዊ፣ ድምፅዋ ሸለቆ ተሻግሮ የሚሰማ። ያኔ በዚህ አገር ሌላ ሞተር ሳይክል አልነበረም ማለት ይቻላል። እሳቸው የገዟት ለወፍጮ ሥራ ነበር፤ ቅሬው ግን ሌላ ሥራ አወጣላት። ስልክ በሌለበት ዘመን ሰው ከተማ ሲሞት በየገጠሩ ያለው ዘመድ ለቀብር መድረስ አለበት። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነን፤ «አያ ይመር፣ አንቱ ያድርሱልን» ተባሉ። እምቢ ማለት ደግሞ አይሆንላቸውም።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ያ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሴቶቹ የያዙትን ጥለው ደጅ ይወጣሉ። ወንዶቹ በሬውን ያቆማሉ። «የማን ይሆን?» ነው ጥያቄው፤ ሞት መሆኑንማ ማንም አይጠይቅም። አያ ይመርም ለራሳቸው ሥርዓት አበጁ። ለየመንደሩ የሚያቆሙበት ቦታ አላቸው፤ ወይራ አምባ ሲሄዱ ከመንደሩ በላይ አፋፉ ላይ ያለችው ጥድ ሥር ነው። እዚያ ሞተሩን ያጠፋሉ፣ ጋቢያቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ የቀረውን በእግራቸው ይወርዳሉ። «በሞተር እየጮህኩ ሰው ደጅ ገብቼ ሞተብህ አልልም» ይሉ ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ግን መርዶ አይደለም። የምሥራች ነው።

የሺ የምትባል የወይራ አምባ ልጅ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። እናቷ እማማ ደብሬ ገበያ በወጡ ቁጥር ከዚያ የተመለሰውን ሁሉ ልብሱን ይዘው ይጠይቃሉ፤ «ልጄን አይተሃታል? ልጄን አይተሻታል?» አንድ ቀን የደሴው አውቶብስ መነኸሪያ ሲገባ የሺ ወረደች። ከስታለች፣ ግን በሕይወት አለች። አያ ይመር ደግሞ ከደሴ የተላከላቸውን የወፍጮ ቀበቶ ሊቀበሉ እዚያው ቆመው ነበር። ሲያዩዋት እንደ ልጅ ዘለሉ አሉ። ሻንጣዋን አስረው፣ እሷን ከኋላ ጭነው ጉዞ ጀመሩ።

በዚያን ዕለት ጥዷ ጋ አልቆሙም። ለምን ይቁሙ? ክላክስ እያደረጉ ቁልቁል ተለቀቁ። እማማ ደብሬ ጓሮ ነበሩ። ያ ድምፅ ወደ እሳቸው ደጅ ሲዞር ሰሙት። ያ ድምፅ ደግሞ ለማንም የምሥራች አምጥቶ አያውቅም፤ ከውጭ የሚጠብቁት ያቺኑ አንዲት ልጅ ነው። «ልጄን! ልጄን!» እያሉ፣ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ሲሮጡ አጥሩ ጋ ወደቁ። ጎረቤት ወጣ፣ ዋይታው ቀለጠ። የሺ ከሞተር ላይ የወረደችው በገዛ ራሷ ለቅሶ መሀል ነው። እናቷ ዐይናቸውን ሳይገልጡ በማግስቱ አረፉ።

አያ ይመር ከዚያ ሲመለሱ ሞተሩን አላስነሱም። ያን ሁሉ ዳገት እየገፉ ወጡ። ወፍጮ ቤታቸው ጓዳ አስገብተው ጆንያ አለበሷት፤ ከዚያ ወዲያ ሥራቸው በእግርና በበቅሎ ሆነ። አንድም ሰው አልወቀሳቸውም። በጣም የጎዳቸውም ይኸው ይመስለኛል፤ ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር። የሺ ዳግመኛ ከአገሯ አልወጣችም፤ እዚያው አግብታ ቀረች። ገበያ ስትመጣ ታዲያ እህሏን ሌላ ወፍጮ ነው የምታስፈጨው። እሳቸውን ከሩቅ ካየች መንገድ ትቀይራለች። እሳቸውም እንዲሁ።

ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ነው ዶቅዶቄዋን እየገፉ ጋራዤ ደጃፍ ያመጧት። ዝገት በልቷታል፣ ወንበሯን አይጥ ዘክዝኮታል፣ ጎማዋ መሬት ላይ ተኝቷል። እኔ በባጃጅ የታወቅኩ ሰው ነኝ፤ አሮጌ ነገር ደሜን ያፈላዋል። ዕቃው አይገኝ፣ ቢገኝ አይገጥም፣ ቢገጥም አይቆይ።

«ይህን ሬሳ ከየት ቆፍረው አወጡት?» አልኳቸው።

«ሬሳ አትበላት። አኩርፋ ነው» አሉ፤ ደረታቸውን ይዘው፣ ትንፋሻቸው ገና ሳይመለስ።

«አያ፣ ይተዋት። ልጅ አይደሉ፣ ምን ያደርጉባታል?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ።

«ስማኝ ሞላ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ደጅ ቆምኩ። አንድ ሰው እንኳ ምሥር ብላ ብሎኝ አያውቅም።»

እኛ አገር ልጅ ሆኖ፣ እየሮጠ መጥቶ «የምሥራች!» ብሎ፣ «ምሥር ብላ!» ያልተባለ ማን አለ? ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች ብለን እንኳ ተብለናል። ይህን ሁሉ መንገድ የዞሩ ሰውዬ ግን አንዴም አልተባሉም።

«ደሴ ያየኝ ሐኪም ልብህ ደክሟል ብሎኛል» አሉ ቀጥለው። «ከመሄዴ በፊት በዚቺው ሞተር ወይራ አምባ እገባለሁ። የሺን የምሥራች እላታለሁ። ሌላ የምለምነው የለኝም።»

«ምን የምሥራች አለ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። አንተ ብቻ አስነሳት።»

ጀመርን። ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ፤ ላምባ እያጠጣን አከረምነው። ቤንዚን መያዣዋ ውስጡ የዝገት ዱቄት ነው፤ አያ ይመር ጠጠርና ውሃ ጨምረው እንደ ቅል እየናጡ አጸዱት። ካንዴላ ከዚህ ተገኘ፣ የፒስተኑን ፋሻ ከደሴ አስመጣን፣ ካቴናዋን ከሌላ ሞተር ቆርጬ ቀጠልኩት። እሳቸው ከወፍጮ ቤታቸው ሲወጡ በቀጥታ እኔ ጋ ይመጣሉ። ያ የለመዱት ዱቄት ከጥቁር ዘይት ጋር ተለውሶ እጃቸው ላይ ሊጥ ይሆናል። እኔ ስሳደብ እሳቸው አብሽር ይላሉ። እያሉ መልሰው ያናድዱኛል።

ጠባችን በማርሚታዋ ነው የመጣው፤ በጢስ ማውጫዋ። ተበልቶ ወንፊት ሆኗል። ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩትና አንድ የቻይና ሞተር ማርሚታ አመጣሁ። አዲስ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ቢሄዱበት ማንም አያውቅዎትም አልኳቸው። ሰውዬው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ።

«ድምፅዋን ልትቀይርባት ነው?»

«ድምፅዋ አይደል እንዴ ሰው የሚፈራው? ዝም ብላ ትገባለች። ችግሩ አለቀ!»

«ዝም ብላ ከገባችማ ሌላ ሞተር ናት። እኔ ተደብቄ መግባት አልፈልግም። ከዚያ መንደር ጋር በራሷ ድምፅ ነው የምትታረቀው።» ቆሻሻው ውስጥ ገብተው አሮጌውን ማርሚታ አወጡት። «ብየደው» አሉኝ።

በየድኩት። ቁራጭ ቆርቆሮ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ እየደረብኩ፣ እያማረርኩ፣ በየድኩት።

የተነሳች ዕለት እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር! ፔዳሏን ረግጬ ረግጬ እግሬ ከዛለ በኋላ አንዴ አስነጠሰች፣ ከዚያ ዶቅ ዶቅ አለች፣ ጋራዡ በሰማያዊ ጢስ ተሞላ። «ወላሂ ተነሳች!» ብለው አያ ይመር ጨበጡኝ። ወዲያው ግን ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ብድግ አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደኛ ያያሉ። «ደግሞ የማን ነው?» ሲሉ በግልጽ ተሰማኝ።

አያ ይመር ጎንበስ ብለው ሞተሩን አጠፉት። ያን ቀን አብሽር አላሉም።

ዶቅዶቄዋ እንግዲህ ተነሳች። የምሥራች ነው የጠፋው። ዘመኑን ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤንዚን በጠርሙስ እንኳ ይጠፋል፣ ስልክ ሲመጣ ሲሄድ ነው። የመጣ ዕለት ደግሞ ይዞ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። አያ ይመር አንዲት ጀሪካን ቤንዚን ፈልገው አገኙ፤ ዘይቱን ቀላቅለው ወፍጮ ቤታቸው ጓዳ ቆለፉባት። «የየምሥራች ነው» አሉ፤ ለማንም አይሰጡም። እህል ሊያስፈጭ የመጣውን የወይራ አምባ ሰው ሁሉ ይጠይቃሉ፤ «ደኅና ነገር አለ? ለየሺ የሚሆን ነገር አልሰማችሁም?» የለም። ትንሹ ወንድሟ በባሕር አድርጎ አረብ አገር ተሻግሯል፣ ወሬው ጠፍቷል፤ ይኸው ነበር ያለው። እህትየዋም እንደ እናቷ ተመላሽ እየያዘች መጠየቅ ጀምራለች።

በዚህ መሀል ቅሬው መጣ። አንድ ሰው ከተማ ሞቶ ለአፋፍ ማዶ ዘመዶቹ ይነገር ተባለ። ዳኛው፣ «አያ፣ ሞተርዎ ተነስታለች አሉ» አለ። አያ ይመር ገብተው በትራቸውን ይዘው ወጡ፣ ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ፣ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ያን የደከመ ልብ ይዘው! ወሬውን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሊጠገን የመጣ የሰው ሞተር አስነስቼ ተከተልኳቸው፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ዛፍ ተደግፈው አገኘኋቸው።

«እብድ ነዎት? ሰው ሊያስቀብሩ ነው ሊቀበሩ?»

«እሷ ከእንግዲህ መርዶ አታደርስም። ምያለሁ» አሉ።

«እኔ አደርሳለሁ። ይመለሱ!»

ከተመለሱ በኋላም አልቀረልኝም፤ ከመሄዴ በፊት ሥርዓቱን አስያዙኝ። ራቅ ብለህ አጥፋ። ጋቢህን አዘቅዝቅ። በእግርህ ግባ። አፍህ አይቅደም፣ ሰው አይቶህ ራሱ ይወቀው። እንደተባልኩ አደረግኩ። ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውዬው ምን ተሸክመው እንደኖሩ ገባኝ። ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም።

የየሺ ወንድም የደወለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ስልኩ ድንገት በመጣበት አንድ ከሰዓት፣ የሚያውቀው ቁጥር የወፍጮ ቤቱን ስለነበር እዚያ ደወለ። አያ ይመር ራሳቸው አነሱት። ደኅና ነኝ፣ ታስሬ ነበር፣ ተፈታሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ለእህቴ ንገሩልኝ አለ። መስመሩ ተቋረጠ። ሰውዬው ጋራዤ ሲደርሱ ጫማቸው አንዱ ብቻ ነበር እግራቸው ላይ።

«ሞላ! አለ! ልጁ አለ! ተነስ!»

እሳቸው ነዱ፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሁለቴ ወደቅን፣ ማንም ግድ አልሰጠውም። ጥዷ ጋ ስንደርስ ግን ሞተሩን አጠፉት።

«ብትደነግጥብኝስ?» አሉ። «እንደ እናቷ ብትሆንብኝስ?»

«በእግር እንውረዳ።»

«በእግር ከወረድኩማ መርዶ ነው የሚመስላት።»

እውነታቸውን ነው። በሞተር ቢገቡ እማማ ደብሬን የገደለው ድምፅ ነው። በእግር ቢወርዱ የመርዶ አወራረድ ነው። ቁልቁል ሳይ መንደሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ቆሟል። ድምፁ መጥቶ ጥዷ ጋ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ አልረሱትም። ከሁሉ ወጣ ብላ አንዲት ሴት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ልትጭን ከፍ አድርጋለች።

«ከዚሁ ይጣሩ!» አልኳቸው።

«ድምፄ አይደርስም። አንተ ተጣራ።»

«አልጣራም! የእርስዎ ነው!» ጮህኩባቸው፤ ምን ላድርግ፣ ሴትዮዋ ልትወድቅ ነው።

ዕድሜያቸውን ወፍጮ ውስጥ ኖረው አንድ ቀን ያልጮኹት ሰውዬ ያን ጊዜ ጮኹ። «የሺ! የምሥራች! የምሥራ…ች! ወንድምሽ አለ!» ሸለቆው ተቀብሎ መለሰው። ደረታቸውን ይዘው ደግመው ተጣሩ። ከታች ምንም የለም። ከዚያ የዚያች ሴት እጅ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ቀጭን ድምፅ ዳገቱን ወጣ።

«ምሥር ይብሉ!»

አያ ይመር ወደኔ ዞሩ። ዱቄት የለመደው ፊታቸው ላይ እንባው መንገድ ሠርቶ ይወርዳል። «ሰማህ?» አሉኝ። «ሰማህ ሞላ?» ከዚያ ፔዳሏን ረገጡ፣ ክላክስ እያደረጉ ቁልቁል ገባን፣ እልልታው ድምፅዋን ዋጠው።

የሺ አጥሩ ጋ ተቀበለችን። እናቷ የወደቁበት ቦታ ነው። አያ ይመር ሳይወርዱ፣ «አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ» አሏት።

«እኔን?» አለች። «ያን ቀን ክላክስ ያድርጉ፣ እናቴ ከሩቅ ትስማኝ ያልኩዎት እኔ አይደለሁ? ጥዷ ጋ ሊቆሙ ሲሉ አይቁሙ ያልኩዎት እኔ አይደለሁ? ዐይንዎን የምሸሸው ጠልቼዎት መሰለዎት?»

ይህን ሁሉ ዓመት እሳቸው እሷን ፈርተው፣ እሷ እሳቸውን ፈርታ ኖረዋል። ጉልበታቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እኔ ማርሚታው ተፈታብኝ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ማርሚታው ምንም አልሆነም ነበር።

የምሥራች ላመጣ ስጦታ አይቀርምና አንዲት ዶሮ አሰረችላቸው። እኔ አቅፌያት ተመለስኩ፤ ሙሉ መንገድ ስትጮህብኝ፣ እሳቸው ከፊት ሲስቁ።

ከዚያ ወዲህ ትንሽ ነገር በተገኘ ቁጥር ሰበብ ሆነ። የታረቀ ባልና ሚስት፣ በሰላም የተገላገለች ሴት፣ ወንድሟ ሲደውል ደግሞ በተለይ። ወይራ አምባ ያን ድምፅ ለመደው። ሰው የምሥራች ተርቦ ነበር መሰለኝ፣ በኋላማ እሳቸው ጥዷ ጋ ደርሰው እስኪጣሩ አይጠብቅም። ድምፅዋ ገና ከአፋፉ ሲሰማ የሺ ከታች ሆና «ምሥር ይብሉ!» ትላለች፤ እልልታው ይከተላል። አያ ይመር ይህን መጥተው ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይበልጥ ዝቅ ይል ነበር፣ ሰው እንዳይሰርቅባቸው የሚፈሩ ይመስል። እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ። ጊዜው ግን አጭር ነበር፤ ልባቸው አልጠበቃቸውም።

ይኸው ነው። ያን ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ የነበረው ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው። ምያለሁ ያሉትን ሰምቻለሁ። ግን የሺ ሳትቀብራቸው ብትቀር ደግሞ እኔን አፉ አትለኝም። ወፍጮ ቤቱን አስከፈትኩ። ጀሪካኗ ጓዳ ውስጥ ናት፤ የየምሥራች ካሏት ቤንዚን የተረፈውን ዶቅዶቄዋ ውስጥ ገለበጥኩ። «አፉ ይበሉኝ አያ» አልኩ። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሳች፤ እኔ እኮ አስር ጊዜ ሳልረግጥ ተነስታልኝ አታውቅም።

አፋፉ ላይ ጭጋግ ወርዷል። ከፊት ጎማዋ ወዲያ አይታየኝም። እንዳስተማሩኝ ጥዷ ጋ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ጋቢዬን አዘቀዘቅኩ። በእግሬ ልወርድ አንድ እርምጃ ስጀምር ከጭጋጉ ሥር እልልታው ተነሳ።

«ምሥር ይብሉ አያ! ምሥር ይብሉ!»

የየሺ ድምፅ ነው። ዝም በይ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣኝም። ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ፣ ትንፋሽዋ ሲቀርብ ይሰማኛል። እየሮጠች ነው የምትወጣው። ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች፣ በአንድ እጇ እግሯ የታሰረ ዶሮ አንጠልጥላለች። ጋቢዬን እስክታየው ድረስ እየሣቀች ነበር።